የስም ጥያቄን መስጥሮ መላክ፦ የኮርዲኤንኤስ «ፎርዋርድ» ፕለጊን

የድረ ገጽ ስም በጻፍን ቁጥር ኮምፒውተራችን ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጥለትን ሰርቨር ይጠይቃል። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው ይህ ሥርዓት፣ ዲኤንኤስ፣ ጥያቄና መልስን የሚያመላልሰው ሳይመሰጥር ነው። በዚህም የተነሣ ገጹ ራሱ የተመሰጠረ ቢሆን እንኳ የተጠየቀው ስም በመንገድ ላይ ላለ ሁሉ እንደ ፖስት ካርድ ይነበባል። አንድ ሰው ስለ የትኛው በሽታ እንደሚያነብ ለመገመት ብዙ ጊዜ ስሙ ብቻ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አርኤፍሲ 7858 ጥያቄው በቲኤልኤስ ተመስጥሮ በፖርት 853 የሚላክበትን ደንብ አበጀ። የአንድ ቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮች ሁሉ በዚህ እንዲጠቀሙ ለማድረግ በእያንዳንዳቸው ላይ መድከም አያሻም፤ አንድ ሰርቨር ስለ ሁሉም ሊጠይቅ ይችላል። ኮርዲኤንኤስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ለዚህ ይመቻል፤ ሥራው ሁሉ በፕለጊኖች የተከፋፈለ ነውና።

«ኮርፋይል» በሚባለው የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ፎርዋርድ» የሚለውን ፕለጊን እንጠራለን፤ ቀጥሎ ስሞችን ሁሉ የምትወክለውን አንዲት ነጥብ፣ ከዚያም ቲኤልኤስ የሚል ቅድመ ቅጥያ ያለውን አድራሻ፣ ለምሳሌ የኳድ9ን 9.9.9.9፣ እንጽፋለን። አድራሻው በቁጥር የሚጻፈው ስም ፈቺውን ራሱን በስም መፈለግ ስለማይቻል ነው። በቅንፉ ውስጥ ደግሞ የሰርቨሩን የቲኤልኤስ ስም እናስቀምጣለን። ይህች መስመር ትንሽ ብትመስልም ሰርተፊኬቱ የሚመሳከረው በእርሷ ነው፤ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ሳያረጋግጡ መመስጠር ደብዳቤን አሽጎ ለማይታወቅ ሰው እንደ መስጠት ይቆጠራል። ይህች መስመር በአንድ የፎርዋርድ ክፍል የምትይዘው አንድ ስም ብቻ ስለሆነ የሁለት ድርጅቶችን ሰርቨሮች በእርሷ ብቻ ማደባለቅ አይቻልም። «ካሽ» የሚባለውን ፕለጊን መጨመር የተደጋገመን ጥያቄ ከመላክ ያድናል።

የሰርተፊኬት ምርመራ ትክክለኛ ሰዓት ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሰርቨሩ ሰዓት ወደ ኋላ ቢሄድ ሰርተፊኬቱ ዋጋ እንደሌለው ይቆጠራል፤ ስም መፍታቱም ይቆማል። ሰዓቱን የሚያስተካክለው ሰርቨር በስም የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ክብ ሆኖ ይዘጋል። ስለዚህ የሰዓት ሰርቨሩንም በቁጥር መመዝገብ ይበጃል።

ምስጠራው የሚሸፍነው ግን ከእኛ ሰርቨር እስከ ኳድ9 ያለውን መንገድ ብቻ ነው። በቤተ ሙከራው ውስጥ ጥያቄው አሁንም በግልጽ ይጓዛል፤ ኳድ9ም ጥያቄዎቹን ያያል፤ የሚጎበኘው ገጽ የቁጥር አድራሻም ለኔትወርክ አቅራቢው አይሰወርም። በእኛ ግምት ለተማሪ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱን ለመፈተሽ ዋየርሻርክን በሰርቨሩ የውጭ መስመር ላይ ከፍቶ ፓኬቶችን መመልከት በቂ ነው። ቀድሞ በፖርት 53 የሚነበቡት ስሞች ጠፍተው በፖርት 853 የማይነበብ ዳታ መታየት አለበት። ከቤተ ሙከራው ወደ ውጭ በሚወጣው ዋና መስመር ላይ አሁንም የፖርት 53 ጥያቄ ከታየ፣ ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ሰርቨሩን አልፎ በቀጥታ ወደ ውጭ እየጠየቀ ነው።