አንጀት ሲጠማዘዝ የሚያስቀምጥ ኪኒን አይፈታውም



በአንድ የረመዳን ምሽት ሁሩሙ ውስጥ አንድ ወጣት ወደ መድኃኒት ቤት መጣ። «እህቴ፣ አባቴ ሆዳቸው ደርቆባቸዋል፤ የሚያስቀምጥ ኪኒን ስጪኝ» አለኝ። «አየርስ ይወጣቸዋል?» ስለው አፍሮ አቀረቀረ። «ከትናንት ጀምሮ እሱም የለም፤ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል» አለ። ኪኒኑን ከለከልኩት፤ በዚያው ሌሊት ወደ መቱ ሆስፒታል እንዲወስዷቸው ነገርኩት። ተቆጣኝ፤ ግን ወሰዷቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ድነዋል።

ሁልጊዜ እንዲህ እጠይቅ ነበር ብል ግን ውሸት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለአንዲት እናት ምንም ሳልጠይቅ ሸጬላት ነበር። ባለቤቷ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ይህን ትምህርት የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የአዋቂ ሰው ትልቁ አንጀት 1.5 ሜትር ያህል ይረዝማል። በሆድ ግራ ታችኛው በኩል ያለው ጠመዝማዛ ክፍሉ ሲግሞይድ ይባላል። ሲግሞይድ ከጀርባ ግድግዳ ጋር የተያያዘው በስስ ሽፋን ነው፤ የደም ሥሮቹም በዚሁ ሽፋን ውስጥ ያልፋሉ። አንጀቱ ረጅም፣ የተንጠለጠለበት ሥር ደግሞ ጠባብ ሲሆን በራሱ ላይ ለመዞር ይመቸዋል። ሲዞር ሰገራና አየር መውጫ ያጣሉ። የደም ሥሩ ከታነቀ አንጀቱ ይሞታል።

ለምን እኛ ዘንድ ይበዛል?

በምዕራቡ ዓለም ሕመሙ በአብዛኛው የአረጋውያን ነው። በኢትዮጵያ ግን በሥራ ዕድሜ ያሉ ወንዶችን፣ በተለይም የገጠር ሰዎችን ያጠቃል፤ በአገራችን የሠሩ ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጽፈውበታል። በአፍሪካ የተደረጉ የአስከሬን ልኬቶች የወንዶች ሲግሞይድ ከሴቶች ይልቅ ረዘም፣ ሥሩም ጠበብ ብሎ እንደሚገኝ አሳይተዋል። አሰር የበዛበት ምግብም ይጠረጠራል እንጂ አልተረጋገጠም።

ትንሹ አንጀትም ሊጠማዘዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1977 ከአፍጋኒስታን የወጣ ጥናት፣ ቀኑን ባዶ የዋለ አንጀት በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ሲገባበት ለመዞር ሊጋለጥ እንደሚችል ጠቁሟል። ይህ ጾም ያሳምማል ማለት አይደለም። በተምርና በውሃ አፍጥሮ፣ መግሪብ ሰግዶ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መብላት ሱናውም ነው፤ ለአንጀትም ይቀላል።

እነዚህን ስታዩ አትዘግዩ

• ሰገራም አየርም ጨርሶ ሲቆም
• ሆድ ሲነፋና ቁርጠት ሲበረታ
• ማስመለስ ሲከተል
• ትኩሳት ሲመጣ ወይም ሆድ ሲነካ የማያስችል ሕመም ሲኖር (አንጀቱ እየሞተ ሊሆን ይችላል)

በዚህ ጊዜ የሚያስቀምጥ ኪኒን፣ ኮሶም ሆነ ሌላ የቤት መድኃኒት አትስጡ፤ ሆድም አትሹ። የተዘጋን አንጀት መግፋት ሊቀድደው ይችላል። ምግብና መጠጥ አቁማችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

ሕክምናው

ሲግሞይዱ ካልሞተ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ቱቦ አስገብቶ አየሩን ያስወጣል፤ ሆዱም ወዲያው ይቀላል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ዳነ» ብሎ ወደ ቤት ይመለሳል። አንጀቱ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይዞራል፤ ስለዚህ ረጅሙን ክፍል ቆርጦ የሚያወጣውን ቀጠሮ አትተዉ። አንጀቱ ሞቶ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው በዚያው ሰዓት ይደረጋል። አንዳንዴም ሰገራ ለጊዜው በሆድ በኩል በከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ሰገራና ስለ አየር መጠየቅ ነውር አይደለም። ለአባቶቻችን ስናፍር ሰዓቱ ያልፋል። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።