በሁለት ትራያትሎን መካከል ያለች ሳምንት፦ የት እንደር? ምን ያህልስ እንለማመድ?

ትራያትሎን አንድ ስፖርተኛ ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን በመካከላቸው ሳያርፍ በተከታታይ የሚፈጽምበት የውድድር ዓይነት ነው። በአገራችን ብዙም ያልተለመደ ቢሆንም የሰውን አካል አሠራር ለሚያጠና ተማሪ ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በሁለት ውድድሮች መካከል ያለችውን ሳምንት ነው። ከመኖሪያው ርቆ የሄደ ስፖርተኛ ቅዳሜ ተወዳድሮ በቀጣዩ ሳምንት እሑድ ሌላ ውድድር ቢጠብቀው፣ በመካከሉ ባሉት ሰባት ቀናት የት ቢያድር፣ ምን ያህልስ ቢለማመድ ይበጀዋል?

ለዚህ ጥያቄ እውነተኛ ምሳሌ የምናገኘው ከሃዋይ ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙት እነዚህ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ለብዙ ዓመታት በኦክቶበር ወር ሁለት የዓለም ሻምፒዮናዎችን ያስተናግዱ ነበር። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1978 በኦዋሁ ደሴት ተጀምሮ በ1981 በትልቁ ደሴት ወደምትገኘው ኮና የተዛወረው አይረንማን ሲሆን፣ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለው። ሁለተኛው በ1996 በማዊ ደሴት የተጀመረው ኤክስቴራ ነው። እርሱም 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ዋና፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የተራራ ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የአቀበትና የቁልቁለት ሩጫ ነበረው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ እንደየዓመቱ ይለያያል፤ በ2005 አይረንማን ኦክቶበር 15፣ ኤክስቴራ ደግሞ ኦክቶበር 23 ቀን ተካሄዱ። በሁለቱም ተወዳድሮ አጭር ድምር ሰዓት ላስመዘገበ ልዩ ሽልማት ይሰጥ ስለ ነበር ፈተናውን የሚደፍሩ አልጠፉም። ኤክስቴራ በ2022 ወደ ጣሊያን ቢዛወርም፣ የ2005ቱ ስምንት ቀን ለትምህርታችን የተመቸ በመሆኑ ስሌታችንን በእርሱ ላይ እንመሠርታለን።

ሳምንቷ ምን ልትሰጥ ትችላለች?

ብዙ ወጣት ስፖርተኞች ነፃ ሳምንት ሲያገኙ ልምምድ ለመጨመር ያስባሉ። የስፖርት ፊዚዮሎጂ ግን ይህን አይደግፍም። ልምምድ የሚያመጣቸው ጠቃሚ ለውጦች፣ ማለትም የልብ መጠንከር፣ በጡንቻ ውስጥ የማይቶኮንድሪያ መብዛትና የጥቃቅን የደም ሥሮች መጨመር፣ ሳምንታትን ይጠይቃሉ። ድካሙ ግን በዚያው ዕለት ይመጣል። ስለሆነም በዚህች ሳምንት የተሠራ ከባድ ልምምድ ድካሙ ለሁለተኛው ውድድር ይደርሳል፤ ጥቅሙ የሚደርሰው ውድድሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በአንጻሩ ጥቂት ቀን ማረፍ ብቃትን ያጠፋል የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሎራን ቦስኬና ባልደረቦቹ ቀደም ሲል የተካሄዱ በርካታ ጥናቶችን በአንድነት መርምረው እንዳሳዩት፣ የተሻለው ውጤት የተገኘው ከውድድር በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የልምምዱን መጠን ከ41 እስከ 60 በመቶ በመቀነስ፣ ፍጥነቱንና ድግግሞሹን ግን እንዳለ በመጠበቅ ነው። ልብ ማለት የሚገባን ይህ ግኝት ጤናማ ጡንቻ ይዞ ወደ ውድድር ለሚቃረብ ሰው መሆኑን ነው። አይረንማንን በጨረሰ ማግስት ላለ ስፖርተኛ ቅነሳው ከዚህም የበረታ መሆን ይኖርበታል።

የተጎዳው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ጉዳት የነዳጅ መሟጠጥ ነው። ሰውነታችን ካርቦሃይድሬትን ግላይኮጅን በተባለ መልክ፣ በጡንቻዎች ከ400 እስከ 500 ግራም፣ በጉበት ደግሞ 100 ግራም ያህል ያከማቻል። ይህን መልሶ ለመሙላት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን 8 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል ብንል፣ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በቀን 560 ግራም መመገብ አለበት። 100 ግራም የበሰለ ሩዝ የያዘው 28 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ሁሉም ከሩዝ ይምጣ ቢባል በየቀኑ ሁለት ኪሎ ግራም የበሰለ ሩዝ መብላት ግድ ይሆናል! በምግብ ቤት ሒሳብ እየከፈሉ ይህን ያህል መመገብ ለተማሪ ኪስ የሚቻል አይደለም። ማደሪያው ማብሰያ ቤት እንዲኖረው የምንፈልገው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የሚብሰው ነው። ሯጭ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር የጭኑ የፊት ጡንቻ የሰውነቱን ክብደት ለመግታት እየተኮማተረ ሳለ በኃይል ይለጠጣል። ይህ ድርጊት በማራቶን ርቀት በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም የጡንቻውን ቃጫዎች ጥቃቅን ክፍሎች ይበጣጥሳል። ከማራቶን በኋላ ደረጃ መውረድ ከመውጣት የሚከብደው ለዚህ ነው። ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል፤ ከተጎዱት ሴሎች የሚፈሰው ክሬያቲን ካይኔዝ የተባለ ኤንዛይምም በደም ውስጥ ለቀናት ከፍ ብሎ ይቆያል። የተጎዳ ጡንቻ ግላይኮጅን የሚሞላውም በዝግታ ነው፤ በጤናማው ጡንቻ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን የሚበቃው ሥራ እዚህ ይዘገያል። ከሁሉ የሚያታልለው ደግሞ ሕመሙ ሲጠፋ ጥገናው ያለቀ መምሰሉ ነው፤ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ጉዳት ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል።

በዋናና በብስክሌት እንዲህ ያለ እየተለጠጡ መኮማተር እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ወደ ልምምድ የመመለሻው ቅደም ተከተል ራሱ ከዚህ ይገኛል፤ ዋና ይቀድማል፣ ብስክሌት ይከተላል፣ ሩጫ መጨረሻ ይመጣል።

ከፍታ ወይስ ሙቀት?

በደጋ የምንኖርና ዝነኛ ሯጮቻችን በእንጦጦና በሱሉልታ ሲለማመዱ የምናይ ሰዎች፣ የት ይደር ስንባል ፈጥነን የምንሰጠው መልስ «ከፍ ያለ ቦታ» የሚል ነው። ማዊም ለዚህ የተመቸች ትመስላለች። 3055 ሜትር ከፍታ ያለው የሃሌአካላ ተራራ ከባሕር ዳርቻ እስከ ጫፉ በ60 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ይደረሳል፤ በተዳፋቱ ላይ 1000 ሜትር አካባቢ ኩላ የተባለች ቀዝቀዝ ያለች መንደር አለች። የአየር ሙቀት በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ በባሕሩ ዳር 30 ዲግሪ ሲሆን በኩላ 23 ወይም 24 ዲግሪ ብቻ እንደሚሆን መገመት ይቻላል።

ነገር ግን የከፍታን ጥቅም በትክክል እንመርምር። እ.ኤ.አ. በ1997 ቤንጃሚን ሌቪንና ጄምስ ስትሬይ-ገንደርሰን ባሳተሙት የታወቀ ጥናት በ2500 ሜትር እየኖሩ በ1250 ሜትር የተለማመዱ ሯጮች ብቃታቸው ጨምሯል። ቆይታው ግን አራት ሳምንት ነበር። ከፍታ ላይ ስንወጣ ቀይ የደም ሴሎች እንዲመረቱ የሚያዝዘው ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይጨምራል፤ ሴሎቹ ተመርተው በቁጥር እስኪበዙ ግን ሳምንታት ያልፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሆነው ሌላ ነው። ሰውነት ውኃ ያስወግዳል፣ የደም ፈሳሽ ክፍል የሆነው ፕላዝማም ይቀንሳል።

የፕላዝማ መቀነስ በሞቃት ስፍራ ለሚወዳደር ሰው ምን ማለት ነው? በቁጥር እንየው። አንድ ሯጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱና ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። ስለዚህ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ሯጭ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ 840 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ፣ ማለትም 630 ኪሎ ካሎሪ፣ ወደ ሙቀት ይለወጣል። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይዞ ስለሚሄድ፣ ሯጫችን በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ማትነን አለበት። ላቡ የሚቀዳው ከደም ነው፤ ያው ደም ሙቀትን ወደ ቆዳ፣ ኦክስጅንንም ወደ ጡንቻ ማድረስ ይጠበቅበታል። ፕላዝማው ካነሰ ሁለቱ ሥራዎች ይሻማሉ፤ ውጤቱም የፍጥነት መውረድ፣ ሲብስም በሙቀት መመታት ነው።

ሙቀትን የለመደ ሰውነት ይህን ችግር ራሱ ይፈታዋል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በሚፈጀው ልማድ መጀመሪያ ፕላዝማ ይጨምራል፤ ቀጥሎ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ በውስጡ ያለው ጨውም ይቀንሳል። ይህን ልማድ ስፖርተኛችን ለኮና ሲል ቀድሞ ገንብቶታል። ከሙቀት ሲርቅ ግን ከቀን ወደ ቀን ይሳሳል። እንግዲህ በተራራው ላይ ማደር የሚሰጠው ነገር በጊዜው አይደርስም፤ የሚወስደው ግን ወዲያውኑ ነው። ኩላ ፕላዝማን ክፉኛ ለመቀነስ ዝቅ ያለች ብትሆንም የሙቀቱን ልማድ ታሳሳለች፣ የመኪና ምልልስም ታበዛለች። ወደ ሃሌአካላ ጫፍ ለሽርሽር መውጣቱ ከውድድሩ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። (ከአዲስ አበባ 2400 ሜትር ተነሥቶ በድሬዳዋ ለሚሮጥ ተማሪም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ሳንባው የደረጀ ሆኖ ሳለ የሚያሸንፈው ሙቀቱ ነው።)

ስለዚህ የእኛ ምርጫ ኤክስቴራ በዚያ ዘመን ከሚካሄድባቸው ከዋይሌአና ከማኬና አጠገብ ያለችው የባሕር ዳር ከተማ ኪሄይ ናት። ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል በሙቀቱ ውስጥ መንቀሳቀስ ልማዱን ለመጠበቅ ይረዳል። ሌሊት ግን ክፍሉ መቀዝቀዝ አለበት፤ እንቅልፍ እንዲወስደን የውስጥ ሙቀታችን ዝቅ ማለት ስላለበት ነው።

እንቅልፍን ካነሣን፣ ማሳኮ ታማኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት አስገራሚ ነው። ሰው በእንግዳ ስፍራ በሚያድርበት የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎሉ ግራ ክፍል እንደ ቀኙ በጥልቀት አይተኛም፤ እንደ ዘብ ነቅቶ ድምፅ ያዳምጣል። ርካሽ ክፍል ፍለጋ በሳምንት ሦስት ማደሪያ የሚቀያይር ስፖርተኛ ሦስት እንዲህ ያሉ ሌሊቶችን ይከፍላል። በተለይ በውድድሩ ዋዜማ ወደ መነሻው ቦታ ለመቅረብ ተብሎ ማደሪያ መቀየሩ አይመከርም።

ቀናቱ እንዴት ይዋሉ?

አይረንማን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። ስለዚህ እሑድ በኮና መብላት፣ መተኛትና በዝግታ መራመድ ብቻ ይበቃል። ሰኞ ወደ ማዊ ጉዞ ነው። በሁለቱ ደሴቶች መካከል የመንገደኞች መርከብ ስለሌለ በአውሮፕላን፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ በረራ ይኬዳል። የጎዳናና የተራራ ብስክሌት ለየብቻ ስለሆኑ ሁለት ግዙፍ ሣጥን ማንሣቱ የዕለቱ ልምምድ ተደርጎ ቢቆጠር አይበዛበትም። ማክሰኞ 20 ደቂቃ የባሕር ዋና፣ ረቡዕ ደግሞ በቀላል ማርሽ 45 ደቂቃ ብስክሌት ይደረጋል።

ሐሙስ የፍርድ ቀን ነው። ስፖርተኛው የደረጃ ድጋፍ ሳይዝ መውረድ ከቻለና የማለዳ የልብ ምቱ ወደ ተለመደው ከተመለሰ፣ ለስላሳ አፈር ላይ 15 ደቂቃ ይሩጥ። ካልቻለ ሩጫው ይቅር፤ ዓርብም ለውጥ ከሌለ ሁለተኛውን ውድድር መተው ነው። በተዳከመ ጭን በድንጋያማ ቁልቁለት ብስክሌት መንዳት ለስብራት ይዳርጋልና፣ ለሽልማት ሲባል የሚወሰድ አደጋ አይመስለንም። ሕመሙን እንደ አይቡፕሮፌን ባለ ማስታገሻ ሸፍኖ መወዳደር ደግሞ ይብሳል። መድኃኒቱ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ኩላሊት በበኩሉ ከተሰባበሩት የጡንቻ ሴሎች የወጣውን ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን በማጣራት ተጠምዷል። በሳምንቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ስፖርተኛ የልምምድ ዕቅዱን ትቶ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ፈተናውን ላለፈው፣ ዓርብ ዕረፍት ነው። ቅዳሜ ከረፋዱ፣ ውድድሩ በሚጀመርበት ሰዓት ላይ፣ 10 ደቂቃ ዋናና 20 ደቂቃ ብስክሌት ያደርጋል፤ በመካከሉ እያንዳንዳቸው ከ20 ሰከንድ የማይበልጡ አራት ወይም አምስት ፈጣን ሙከራዎች ይጨምራል። ከዚያ የብስክሌቱን ጎማ ንፋስ መርምሮ፣ ሩዙን በልቶ፣ ከሰኞ ጀምሮ ባደረበት አልጋ ላይ በጊዜ ይተኛል።