ስቲከር መቁረጫ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት



ከትምህርት ጎን ለጎን ትንሽ ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ስቲከርና የቲሸርት ጽሑፍ የሚቆርጠውን ማሽን ልንገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?» እኛ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ እንጠይቃችኋለን፦ ምን ልትቆርጡበት ነው?

ይህን የተማርነው በራሳችን ስህተት ነው። ሦስት ሆነን ገንዘብ አዋጣንና «ሰፊ ከሆነ ትንሹንም ትልቁንም ይሠራል» ብለን 72 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን ገዛን። የመጀመሪያዋ ደንበኛችን ሽሮና በርበሬ አሽገው የሚሸጡ የአንድ ጓደኛችን እናት ነበሩ። 200 ባለቀለም ክብ ሌብል አዘዙን። ሌብሉን በፕሪንተር አትመን ወደ ማሽኑ ስናስገባው ክቡ ሁሉ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር እየሳተ ጽሑፉን ይበላው ጀመር። ለካስ በወረቀቱ ጥግ የሚታተመውን ምልክት አንብቦ ምስሉ የት እንዳለ የሚያውቀው «ዓይን» የእኛ ማሽን ላይ የለም። ሁለት መቶውን በመቀስ ቆረጥን። የሱብሒ አዛን ሲል ገና አልጨረስንም ነበር።

ማሽኑ ሲታይ ፕሪንተር ይመስላል፤ በቀለም ፋንታ ምላጭ ይዟል። ሮለሮቹ ቫይናሉን ወደፊትና ወደኋላ ይስባሉ፣ ምላጩ ደግሞ ግራና ቀኝ ይሄዳል። ጥበቡ ላዩን ቆርጦ ከሥር ያለውን ወረቀት አለመቁረጥ ነው። የተራ ስቲከር ውፍረት 0.08 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ 45 ዲግሪ ምላጭና 100 ግራም አካባቢ ግፊት ይበቃዋል። ሻጩ «ይሄ እኮ 500 ግራም ይገፋል» ሲላችሁ አትደነቁ። ያ ጉልበት የሚያስፈልገው ለወፍራም ነገር ነው፤ ለዚያውም 60 ዲግሪ ምላጭ ይፈልጋል። ይልቅ ሞተሩን ጠይቁ። ስቴፐር ከሆነ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ይጮኻል፣ ትንንሽ ፊደል ላይም ይንቀጠቀጣል። ሰርቮ ጸጥ ያለና የተስተካከለ ነው፣ ዋጋው ግን ወደድ ይላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሶፍትዌሩን ነው። ክሪከት የሚባለው የቤት ማሽን ቆንጆ ነው፤ ግን በራሱ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚሠራው፣ መጀመሪያ ለማዘጋጀትም አካውንትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኩባንያው በ2021 (እ.ኤ.አ.) የማይከፍል ተጠቃሚ በወር 20 ምስል ብቻ እንዲያስገባ ሊወስን ነበር፤ ደንበኞች ሲቆጡ ነው የተወው። የገዛችሁትን ማሽን ሌላ ሰው ከሩቅ ሊቆልፈው ይችላል ማለት ነው። ሲሉዌት ካሜዮ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የታተመ ምልክትም ያነባል፤ ይሁንና ነፃው ፕሮግራሙ የኤስቪጂ ፋይል አይከፍትም። ብዙዎቹ የቻይና ፕሎተሮችና እንደ ግራፍቴክ ያሉት የጃፓን ማሽኖች ግን ኤችፒጂኤል የሚባለውን የድሮ ቋንቋ ይረዳሉ። ምላጩን አንሣ፣ ምላጩን አውርድ፣ እዚህ ቦታ ሂድ፤ ይኸው ነው ቋንቋው። አንድ ሚሊሜትር 40 አሃድ ነው። በነፃው ኢንክስኬፕ ማዘጋጀት ይቻላል፤ የኢንጂነሪንግ ልጆች ከወደዳችሁ በራሳችሁ ኮድም ልትጽፉለት ትችላላችሁ።

«ወርክሾፕ ያለው ሌዘር አይሆንም ወይ?» ያላችሁንም አልረሳንም። አይሆንም! አብዛኛው ቫይናል ፒቪሲ ነው። በሌዘር ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል፤ ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል።

ዒድ ሲቃረብ ደግሞ በዐረብኛ የሚታዘዘው ይበዛል። የዐረብኛ ፊደሎች ተያይዘው ስለሚጻፉ ጽሑፉ ወደ መስመር ሲለወጥ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ያንን ሁሉ ይቆርጠዋልና «ዒድ ሙባረክ» ስትልጡት ተበጣጥሶ ይወጣል። መድኃኒቱ ኢንክስኬፕ ላይ ፊደሎቹን በሙሉ መርጦ «ዩኒየን» የሚለውን መጫን ነው። የአማርኛ ፊደል ይህ ችግር የለበትም፤ የሚያስቸግረው እንደ «ሜ» እና «ቄ» ያሉት ትንንሽ ቀለበቶች ከትርፉ ጋር አብረው መነሣታቸው ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ታዲያ የራሳችሁን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ቁመቱ 5 ሚሊሜትር የሆነ የአማርኛ ቃል ይሁን። ሌላው ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን፤ ምላጩ ዞሮ ከተነሣበት ነጥብ ላይ በትክክል ከገጠመ ሮለሩ ቫይናሉን አያንሸራትትም ማለት ነው። ሻጩ እንዲህ ላሳያችሁ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። (ለሙከራ የአላህን ስም የያዘ ጽሑፍ አትቁረጡ፤ ቁራጩ መሬት ላይ ነው የሚወድቀው።) ምላጩና ከሥሩ ያለው ነጭ ስትሪፕ እዚሁ ይገኝ እንደሆነም ጠይቁ። ሁለቱም የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። መብራት በመሃል ከጠፋ ማሽኑ የነበረበትን ቦታ ስለሚረሳ ያ ቁራጭ ይበላሻል፤ ረጅም ሥራ ሲኖር ከፋፍሎ መላክ ይሻላል።

ገንዘቡን እንደ እኛ በሽርክና ካዋጣችሁ ማን ስንት እንዳወጣ፣ ትርፍና ኪሳራው እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዱ ሲመረቅ ድርሻውን ማን በስንት እንደሚገዛው ማሽኑ ሳይገዛ ጻፉት። እኛ የጻፍነው ከገዛን ከአራት ወር በኋላ ነው፤ በዚያ መሃል ሁለታችን ለሦስት ሳምንት ያህል በደንብ አልተነጋገርንም።

ሰፊው ማሽናችን አሁን የሱቅ መስታወት ጽሑፍና የቲሸርት ስም ይቆርጣል፤ ለዚያ ጎበዝ ነው። የባልትናውን ሌብል ግን ዓይን ያለው ማሽን ላላቸው ልጆች እየከፈልን እናስቆርጣለን።