የሸሸ ፍየል በውሻ አይመለስም

ሐዋሳ ላይ የበዓል ሰሞን ፍየል ከአይሱዙ ሲራገፍ ቆሞ ያየ ሰው ትርኢቱን ያውቀዋል። ከቦረና ወይም ከጉጂ ቆላ የመጣ ወጠጤ፣ ሌሊቱን ከሌሎቹ ጋር ተፋፍጎ ያደረ፣ ሰኮናው አስፋልት ሲነካ ይበረግጋል። ገመዱ ከደላላው እጅ ይሾልካል፣ ባጃጁ ጥሩንባውን ይነፋል፣ የሰፈሩ ልጅ «ያዘው! ያዘው!» እያለ ይግተለተላል። በመጨረሻም አንዱ ብልኅ ነኝ ባይ ውሻውን ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ነው፤ ፍየሉ ወደ ታቦር ተራራ፣ ውሻው ወደ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ፣ ነጋዴው ወደ ኪሳራ።

ውሻ ፍየል አይመልስም የምለው ውሻን ጠልቼ አይደለም። ነገሩ የፍየል ጠባይ ነው። በግ ሲደነግጥ እርስ በርሱ ይጠጋጋል፤ በውጭ አገር የሠለጠነ ውሻ መቶ በግ አሰልፎ የሚነዳውም ይህ ጠባዩ ስለሚያግዘው ነው። ፍየል ግን ወይ ይበተናል፣ ወይ ዞሮ በቀንዱ ይገጥማል። መሸሽ ከጀመረ ደግሞ ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ ገደልና ድንጋይ ለእሱ መጠጊያው ነው። ታቦርና አላሙራን የመሰለ ኮረብታ ባለበት ከተማ ውሻ ለቆ ፍየል ማባረር ፍየሉን ወደሚፈልገው ቦታ መሸኘት ማለት ነው።

ቢያዝም እንኳ ያከስራል። በውሻ ሲሳደድ የቆየ ፍየል ጡንቻው ውስጥ ያጠራቀመው ስኳር ይሟጠጣል። ከዕርድ በኋላ ሥጋውን ደማቅ ቀይ የሚያደርገውና ቶሎ እንዳይበላሽ የሚረዳው አሲድ የሚሠራው ከዚሁ ስኳር ነው። ስኳሩ ካለቀ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይጠጥራል፣ ቶሎም ይሸታል። ሥጋ ነጋዴ ይህን ሥጋ ሲያይ «ያረጀ ፍየል ነው» ብሎ ዋጋ ይጥላል፤ ዕድሜው ሳይሆን ሩጫው እንደሆነ የሚገባው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሮጦ የተያዘን ፍየል በዚያው ቀን አያርዱ፤ ውኃ አጠጥተው፣ ጥላ ውስጥ ሌላ ፍየል አጠገቡ አድርገው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያሳርፉት። ያረገዘች ከሆነች ደግሞ፣ በተለይ ከአምስት ወሩ እርግዝና ወደ መጨረሻው ከተጠጋች፣ ማባረሩ ሊያስጨነግፋት ይችላል።

እንግዲህ ፍየሉ አምልጧል፤ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሩጫውን ያስቁሙ። ልጆቹን «ተዉት» ይበሉ፣ ውሻ ያለው ሰው ውሻውን እንዲያስር ይለምኑ። ፍየል የሚያባርረው ሲያጣ ብዙ አይርቅም፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ዞሮ ያያል። ያን ጊዜ አብረውት ከመጡት ሁለት ወይም ሦስት ፍየሎች በገመድ ይዘው፣ ፍየሉ ሊያያቸው ከሚችልበት ቦታ ያቁሟቸው። ይጩኹ፣ ግድ የለም፤ የእነሱ ጩኸት ከሰው ጥሪ ይበልጣል። አጠገባቸው ጨው የተነሰነሰበት ፉርሽካ በጣሳ ያድርጉና ጣሳውን ያንኳኩ። እርስዎ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ጀርባዎን ይስጡት ወይም ቁጢጥ ይበሉ። የፍየል ዓይን ወደ ጎንም ወደ ኋላም አሻግሮ ስለሚያይ ከበስተኋላው ሾልኬ እይዘዋለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ ትክ ብሎ የሚያየውን ሰው ደግሞ እንደ አውሬ ይቆጥረዋል።

ከጓደኞቹ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ለብቻው ለመያዝ አይቸኩሉ። ሁሉንም አንድ ላይ ቀስ እያሉ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ አጥር ጥግ ይንዱ፤ ሁለት ሰው ሸራ ዘርግቶ ቢይዝ ፍየል ሸራውን እንደ ግንብ ያየዋል። ሲይዙ አንድ እጅ ከአንገቱ ሥር ደረቱ ላይ፣ ሌላው ከኋላ ጭኑ ላይ ይሁን። ቀንድ ካስፈለገ ከሥሩ ነው የሚያዘው፤ የወጠጤ ቀንድ ጫፉ ተይዞ ሲጎተት ይሰበራል፣ ደሙም በቀላሉ አይቆምም። ቀጭኑን የታችኛ እግር ይዞ ማንጠልጠል መገጣጠሚያውን ያወልቀዋል።

ይህ ብልኀት የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። በኢኳዶር የጋላፓጎስ ደሴቶች ሰው ያመጣቸው ፍየሎች ከቤት ወጥተው ዱር ገብተው፣ ግዙፎቹ ኤሊዎች የሚበሉትን ሣር ጨርሰውባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2006 በተካሄደው የኢዛቤላ ፕሮጀክት ከ140,000 በላይ ፍየሎች ተወገዱ። የሠለጠኑ አዳኝ ውሾችም፣ ከሄሊኮፕተር የሚተኩሱ አዳኞችም ተሰማርተው ነበር። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ብልጦች ያጋለጣቸው ግን ፍየል ነው፤ አንገታቸው ላይ የሬዲዮ ምልክት ሰጪ የታሰረላቸው ፍየሎች ሲለቀቁ ብቸኝነት ስለማይወዱ የተደበቁትን ራሳቸው ፈልገው አገኙ። እዚያ ለመግደል የዋለው ጠባይ እዚህ ለመመለስ ይውላል። ፍየልዎ ከዓይን ከተሰወረም መጀመሪያ የሚጠየቀው በአካባቢው ፍየል የሚያረባ ቤት ነው፤ ምሽት ላይ ከእነዚያ ፍየሎች ጋር ተደባልቆ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ግን እንዳያመልጥ ማድረግ ነው፤ እዚህ ላይ የሚባክነው ገንዘብ ያሳዝናል። ፍየል በጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ይራገፍ፤ የቀትር ፀሐይ ከመንገድ ድካም ጋር ሲደመር እንስሳውን ያሳብደዋል። መኪናው የኋላ በሩን ከጉረኖው በር ጋር አጋጥሞ ይቁም፣ መሀሉ በሸራ ይጋረድ። ከመኪና ላይ በአንገቱ ጎትቶ መወርወር ይቅር፤ መወጣጫ ጣውላ ስንት ያወጣል? አዲስ የመጡትን ከከተማው ጫጫታ ጋር ከተላመዱ ሁለት ረጋ ያሉ ፍየሎች ጋር ያሳድሯቸው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጣሳ ይመግባቸው፤ ያ የጣሳ ድምፅ በኋላ ያመለጠውን የሚጠራ ነው። የእንሰት ቅጠልም ይሁን ገለባ በፉርሽካ፣ የለመዱትን ሳያቋርጡ ቀስ በቀስ ይለውጡላቸው። ሲታሰሩ ደግሞ ሲጎትት የሚጠብቅ ሸምቀቆ አንገት ላይ አይደረግም። ብዙ ሙክት ሌሊት ታንቆ የሚያድረው በሌባ ወይም በጅብ ሳይሆን በባለቤቱ ቋጠሮ ነው።

ታዲያ ውሻ ምን ያደርግልናል? ይጠብቃል። ግን የሚጠብቅ ውሻ የሚሠራው ከቡችላነቱ ነው። ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው ከፍየሎቹ አጠገብ ይደር፣ እዚያው ይብላ፤ ግልገል ሲያሯሩጥ ወዲያው ይቆጡት፣ «ይጫወታል» ብለው አይሳቁ። በናሚቢያ የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአርቢዎች ከበግና ከፍየል ጋር ያደጉ ትልልቅ የቱርክ ዝርያ ውሾችን ሲሰጥ ኖሯል፤ ውሾቹ አውሬውን እያባረሩ ገበሬውንም አቦሸማኔውንም አስታርቀዋል። የውጭ ዝርያ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግን አያስፈልግም፤ ከፍየል ጋር ያደገ የአገራችን ውሻ ይበቃል።

ጅብን በተመለከተ ውሻው ደወል እንጂ ተዋጊ አይደለም። ውጭ ታስሮ የሚያድር ውሻ ለጅብ እራት ነው፤ ከአጥር ውስጥ ይፈታ። ጉረኖው ደግሞ ፍየል የማይዘለው፣ ጅብ ከሥር የማይቆፍረው ይሁን፤ ከሥሩ ድንጋይ ይደርደር፣ በሩ በእንጨት መወርወሪያ ብቻ ሳይሆን በብረት ይዘጋ። ዘበኛው ተኝቶ ከሆነ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ ውሻው ሲጮኽ ተነስቶ ባትሪ የሚያበራ ሰው ከሌለ ደወሉ ዋጋ የለውም።

በከተማው ዳርቻ አርቢውን ከጅብ ይልቅ የሚያስመርረው የጎረቤት ውሻ ነው። ቀን ቀን ደጃፍ ላይ የሚያንቀላፋ ውሻ ንጋት ላይ ከሦስት አራት ጓደኞቹ ጋር ሲሆን ሌላ ፍጥረት ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ከመሰዳደብ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ ሁለት ምስክር ይያዙ፣ የእንስሳት ሐኪም ቁስሉን አይቶ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ «አምልጦኝ ነው» ማለት አያድነውም። ይኸው ሕግ ፍየልዎ የጎረቤት ጎመን ሲበላም እርስዎን ይመለከታል። መርዝ መበተን ግን መፍትሔ አይደለም። የመጀመሪያው ሟች ብዙ ጊዜ የራስዎ ውሻ ነው፤ የጎረቤት ሕፃንም ሊነካው ይችላል።

ሌላው ጉዳይ የዕርድ ቀን ነው። በፋሲካና በአረፋ ሰሞን ጭንቅላቱና የሆድ ዕቃው ሜዳ ላይ ይጣላል፤ ውሻም ይጠግባል። በፍየሉ አንጎል ውስጥ የትል ከረጢት ካለ ውሻው ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ ያን ሣር የጋጠ ፍየል ወራት ቆይቶ አንገቱን አዘንብሎ ባለበት ይዞራል። አርቢው አዙሪት የሚለው ይህ ነው። በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ደግሞ ወደ ሰውም የሚተላለፍ ነው፤ በሰው ጉበት ውስጥ አድጎ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ስለዚህ ጭንቅላቱንና የተበላሸ ጉበትና ሳንባን ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ። ውሻውን ደግሞ በየሦስት ወሩ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት ይስጡት፤ መጠኑን በክብደቱ የሚነግርዎ የእንስሳት ሐኪም ነው።

ውሻ ይዘው ወደ ጫካ ለሚወጡ ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። በአገራችን ባለቤት የሌለው ፍየል ካለ ዋልያ ነው፤ እሱም የሰሜን ተራሮች እንጂ የሐዋሳ ኮረብታ አይደለም። ኮረብታው ላይ ለብቻው የሚግጥ ፍየል ባለቤቱ አንድ ቦታ ሆኖ እየፈለገው ነው። ድኩላም ሆነ በሻሸመኔ በኩል በሰንቀሌ መጠለያ ያሉት ቆርኬዎች በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል።

እስካሁን ያልኩት የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ የሚቀጥለው የነፍስ ነው። ፍየል ለማስጣል ውሾች መካከል የሚገባ ነጋዴ፣ እረኛ ወይም ዘበኛ ይነከሳል። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዋና ምንጩ ውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ከምልክቱ በፊት የሚሰጥ ክትባት ግን ያድናል። ስለዚህ ንክሻው ትንሽ ጭረት ቢመስልም ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፣ ቡና ወይም ቅጠል አይደፍኑበት፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የተነከሰውን ፍየል ከሌሎቹ ለይተው ለሐኪም ያሳዩት፤ ሐኪሙ ሳያየው አርደው አይሽጡ፣ ወተቱንም ለልጅ አይስጡ። የራስዎን ውሻ በየዓመቱ ያስከትቡ።