ስለ ሻንሲ ቁጥርና ስለ መኪና ቁልፍ ለሁላችንም የቀረበ ማሳሰቢያ

መኪና ሲሰረቅ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ቤት ሐዘን ባበቃ ነበር። ግን አያበቃም። የተሰረቀው መኪና ቁጥሩ ተነካክቶ፣ የሐሰት ሊብሬ ተሠርቶለት ወደ ገበያ ይመለሳል። ዕቁቡን ጠብቆ፣ ከዘመድ ተበድሮ የገዛው ሰው አንድ ቀን ስም ሊያዞር ወይም መኪናውን ሊያስመረምር ሲሄድ ይያዝበታል። ሻጩ ስልኩን ዘግቷል፤ ደላላው «እኔ አገናኘሁ እንጂ ሰውየውን አላውቀውም» ይላል። ገንዘቡም መኪናውም ሄደ ማለት ነው።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ቁልፋችንን ላቫጆ ላይ ትተን የምንሄደው፣ የሊብሬያችንን ፎቶ ቴሌግራም ላይ የምንለቀው ሰው ስለምናምን ነው፤ መተማመናችንም ይቆይልን። ነገር ግን የመኪናችን ቁጥርና ቁልፍ እንዴት እንደሚሠሩ ብናውቅ፣ ሳናስበው ለሌባ የምናቀብለው ነገር ይቀንሳል።

ቁጥሩ ምን ይናገራል?

አሜሪካ ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ባወጣችው ግዴታ፣ ሌላውም ዓለም በተከተለው ደረጃ መሠረት የመኪና መለያ የሆነው ሻንሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት። አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አይገቡበትም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር ስለሚምታቱ ነው። ስለዚህ 17 ምልክት ባለው ሻንሲ ላይ «ኦ» የሚመስል ካየን ዜሮ ነው፤ ፊደል ሆኖ ከተመታ ግን የሰው እጅ ገብቶበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች አምራቹን ያመለክታሉ፦ በጄ የሚጀምር ጃፓን፣ በደብሊው የሚጀምር ጀርመን፣ በኤል የሚጀምር ቻይና ነው። ቮልስዋገን ሲባል ሐሳባችን ወደ ጀርመን ቢሄድም፣ በከተማችን የምናያቸው አይዲ 6 መኪኖች ቻይና የተሠሩ ስለሆኑ ኮዳቸው በኤል ይጀምራል።

ዘጠነኛዋ ምልክት በአሜሪካና በቻይና መኪኖች ላይ ጠባቂ ናት። ሌሎቹ ምልክቶች ሁሉ ወደ ቁጥር ተለውጠው፣ እያንዳንዳቸው በተሰጣቸው ክብደት ተባዝተውና ተደምረው ለ11 ሲካፈሉ የሚተርፈው ቁጥር እሷ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ትራፊው 10 ከሆነ ኤክስ ይጻፋል። አንድ ምልክት ብቻ የለወጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ ይፋለስበታል። አሥረኛዋ ደግሞ በእነዚሁ መኪኖች የሞዴሉን ዘመን ትናገራለች፦ 9 ማለት 2009 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኤ ማለት 2010 ነው። ሻጩ «የ2015 ነው» ካለን፣ ብረቱም ይህንኑ ይበለን።

እዚህ ላይ አደራ የምንለው ነገር አለ። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች፣ ብዙ ቪትዞችን ጨምሮ፣ 17 ምልክት የላቸውም። የሞዴል መለያ፣ ሰረዝ፣ ከዚያም ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው፤ «ኤስሲፒ10» ብሎ የሚጀምረው ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው። ቁጥሩ አጠረ ብለን የጎረቤታችንን መኪና አንጠርጥር፤ የሰው ስም በቀላሉ አይታደስም።

ስንገዛ፣ ስንሸጥ፣ ስናስጠግን

እናድርግ፦

• ሻንሲውን ከብረቱ ላይ እናንብብ፤ ሊብሬውን ብቻ ማየት ወረቀትን በወረቀት መመስከር ነውና።
• ቢያንስ ሁለት ቦታ እናመሳክር፦ ከፊት መስታወቱ ሥር በዳሽቦርዱ ጠርዝ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ተለጣፊ፣ ኮፈኑ ሲከፈት በሚታየው የብረት ግድግዳ፣ ፒክአፕ ከሆነም የፊት ጎማው አጠገብ ባለው የሻንሲ ብረት ላይ፤ የሚነካካ ሰው ሁሉንም ቦታ አያዳርስምና።
• በቀን ብርሃን፣ ጣታችንን በቁጥሩ ላይ እናሳልፍ። የፋብሪካ ምት ጥልቀቱና ርቀቱ እኩል ነው። አንዷ አኃዝ ከመስመር ወጥታ ከቆመች፣ ዙሪያው ብየዳ ወይም ስቱኮ ከተለቀለቀበት፣ ወይም ያቺ ሥፍራ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባች ክፍያውን እናዘግይ፤ ቀብድ ከወጣ በኋላ የሚገኝ እውነት ብዙ አይረዳም።
• የሞተር ቁጥሩንም እንመልከት፤ ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ጣጣው ለሚቀጥለው ገዢ ይተርፋል።
• ለሻጭ የምንጠይቀውን ሁሉ ራሳችን ስንሸጥ ሳይጠይቁን እናሳይ፤ ገዢው እንደኛው ላቡን አፍስሶ ያጠራቀመ ሰው ነው።
• ያለውን ቁልፍ ሁሉ እንረከብ፤ አንድ ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ከቀረ መኪናው ገና ሙሉ በሙሉ የእኛ አይደለም።

እንተው፦

• ዝገት ለማስጸዳት ብለን ሻንሲ ቁጥሩን በግራይንደር አናስነካ፤ በቅን ልብ የጠፋ ቁጥርና በተንኮል የጠፋ ቁጥር ለመርማሪ አንድ ናቸው።
• የላሜራ ሠራተኛ ወዳጆቻችን፣ ቁጥር የተመታበትን ብረት ቆርጦ ሌላ መኪና ላይ መበየድን «ደንበኛው አዞኝ ነው» ብላችሁ አትቀበሉ፤ ያቺ ብየዳ የማታውቁትን ቤተሰብ ባዶ እጁን ልታስቀር ትችላለች።
• በውክልና ላይ ውክልና የተደራረበበትን መኪና ዋናውን ባለቤት ሳናገኝ አንግዛ፤ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ተጠያቂው ይርቃል።
• ለማስታወቂያ ብለን የሊብሬውን ሙሉ ገጽ አንለጥፍ። ሻንሲ ቁጥሩ በብዙ መኪኖች ላይ በመስታወት በኩል ለመንገደኛ ስለሚታይ ብቻውን ምሥጢር አይደለም። ስም፣ ሰሌዳ፣ ሞተርና ሻንሲ በአንድ ፎቶ ሲሰበሰቡ ግን ለአንድ ተመሳሳይ መኪና የሐሰት ሊብሬ መሥሪያ ይሆናሉ፤ ያ መኪና ያጠፋው ጥፋትም በእኛ ሰሌዳ ይጠየቃል።

ቁልፉ ውስጥ ያለው

ቁልፍ ዛሬ የተቀረጸ ብረት ብቻ አይደለም። በብዙዎቹ ቁልፎች የፕላስቲክ እጀታ ውስጥ ባትሪ የማያስፈልገው ትንሽ ችፕ አለ። ቁልፉን አስገብተን ስናዞር፣ በማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ ችፑን በሞገድ ይቀሰቅሰዋል፤ ችፑም ኮዱን ይመልሳል። ደጃፍ ላይ «ማነው?» ተብሎ ድምፁ ካልታወቀ በሩ እንደማይከፈት፣ የመኪናው ኮምፒውተርም ኮዱን ካላወቀው ነዳጅ ወይም እሳት አይለቅም። ሞተሩ ቢዞር እንኳ ተነስቶ አይቆይም። ኢሞቢላይዘር የምንለው ይህ ነው። አውሮፓ ከጥቅምት 1998 እ.ኤ.አ.፣ ካናዳ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ አድርገውታል። በሩን የሚከፍተው የሪሞቱ ቁልፍ ሌላ ሥርዓት ነው፤ እርሱ ባትሪ ይፈልጋል፣ ኮዱም በተጫንን ቁጥር ይቀያየራል። ስለዚህ የሪሞት ባትሪ ስላለቀ ብቻ «ችፑ ሞቷል» ተብሎ ብዙ ብር የሚከፍል ወገን ካለ እንምከረው።

ኢሞቢላይዘር የሌለው መኪና ምን እንደሚያመጣ አሜሪካ ታይቷል። ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ በቁልፍ የሚነሡ ብዙ ኪያና ሂዩንዳይ መኪኖች ይህ ነገር አልተገጠመላቸውም ነበር። መኪኖቹን የመስረቂያው ዘዴ በማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮ ሲዛመት ስርቆቱ በአንድ ጊዜ ተስፋፋ፤ መኪና ይዘው የበረሩ ልጆችም በአደጋ ሞቱ። ያንን ቪዲዮ ያጋሩት ሁሉ ክፉ አልነበሩም። ብዙዎቹ እንደ ጉድ ያዩትን ነው ያስተላለፉት፤ ውጤቱ ግን የሰው ልጆች ላይ ደረሰ። እዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ እነዚህን ሞዴሎች የምትነዱ ከሆነ ኩባንያዎቹ በነፃ የሚሰጡትን የሶፍትዌር ማሻሻያ አስጭኑ፤ የመሪ መቆለፊያውን ዘንግም ተጠቀሙ።

ቁልፍን በተመለከተ እናድርግ፦

• ከአዲስ ቁልፍ ጋር የሚመጣውን ቁጥር የተመታበት ትንሽ የብረት ምልክት ከቁልፉ ለይተን ቤት እናስቀምጥ፤ በዚያ ኮድ ቁልፉን ሳያይ የሚቀርጽ ማሽን አለ።
• ላቫጆና ጋራዥ ስንሄድ የመኪናውን ቁልፍ ከቤት ቁልፍ እንለይ፤ የልጆቻችን መኝታ በር በማናውቀው ሰው እጅ አይዋል።
• ቁልፍ ሲጠፋብን የቀሩትን ሁሉ ይዘን ወደ ባለሙያ እንሂድና የጠፋው ከኮምፒውተሩ እንዲሰረዝ እንጠይቅ፤ አዲስ ማስቀረጽ ብቻውን የጠፋውን አያመክነውም።
• መለዋወጫ ቁልፍ የመጀመሪያው ሳይጠፋ እናስቀርጽ። በአንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ዋና ቁልፎቹ በሙሉ ከጠፉ ኮምፒውተሩ ወጥቶ ወይም ተቀይሮ እንደ አዲስ መጻፍ ሊኖርበት ይችላል፤ ወጪው ከባድ ነው፣ በታክሲ ሥራ ለሚተዳደር ቤተሰብም የዕለት እንጀራ ይቋረጣል።
• በአዝራር የሚነሣ መኪና ያለን፣ ማታ ቁልፉን ከመግቢያው በር አርቀን በብረት ቆርቆሮ ውስጥ እናስቀምጥ፤ ሁለት ሰዎች መሣሪያ ይዘው የቁልፉን ሞገድ ከቤት እስከ መኪናው ማስረዘም ይችላሉ።

እንተው፦

• መኪና ገዝተን «እንኳን ደስ አለኝ» ስንል የቁልፉን ጥርስ ፎቶ አናውጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከጣሪያ ላይ፣ ከ60 ሜትር ገደማ ርቀት በተነሣ ፎቶ ብቻ የቤት ቁልፍ መቅረጽ እንደሚቻል አሳይተዋል።
• መለዋወጫ ቁልፍን ጎማ ሥር ወይም መኪናው ውስጥ አንደብቅ፤ ኢሞቢላይዘሩ በሌባው እጅ ያለውንም ቁልፍ እንደ ባለቤት ያውቀዋል።
• ሞተር አስነሥተን፣ ልጅ ውስጥ ትተን ለአፍታም ወደ ሱቅ አንውረድ፤ የሚሄደው መኪናው ብቻ ላይሆን ይችላል።

«ቁልፍ እንቀርጻለን» ብላችሁ በየሰፈሩ ለምትሠሩ ወንድሞቻችን

እናንተ ብዙ ሰው ከጭንቅ የምታወጡ ናችሁ፤ ልጅ የተቆለፈበት መኪና የከፈታችሁበትን ቀን ሰፈሩ አይረሳውም። ስለዚህ ልመናችን ጥቂት ነው። ችፕ ያለው ቁልፍ ከመቅረጻችሁ በፊት ሊብሬና መታወቂያ እዩ፤ ሾፌር ከመጣ ባለቤቱን በስልክ አናግሩ። ቀኑን፣ ሰሌዳውንና የደንበኛውን ስም በደብተር ያዙ፤ ነገር ቢመጣ ደብተሩ እናንተንም ያድናችኋል። ከፎቶ ወይም ከሳሙና ላይ ከተወሰደ ቅርጽ ቅረጹልኝ የሚላችሁን «ዋናውን አምጣ» በሉት። የኮድ ቁጥር ከማሽናችሁ ስታወጡም ወረቀቱን ሥራው ሲያልቅ ቅደዱት።

እኛ ደንበኞች ደግሞ መታወቂያ ስንጠየቅ አንቆጣ፤ እኛን የጠየቀ ሰው ሌባውንም ይጠይቃል።

በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ በሰፈራችን የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። በብዙዎቹ ቁልፉ ካርድ ወይም የስልክ መተግበሪያ ሆኗል። መኪናውን ስንሸጥ ስልካችንን ከመኪናው አካውንት እናስወጣ፤ ስንገዛም ሻጩ አጠገባችን ቆሞ እንዲያስወጣ እንጠይቅ። አካውንቱ ካልተላለፈ ሻጩ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ መኪናው የት እንደቆመ ማየትና በሩን መክፈት ሊችል ይችላል። የይለፍ ቃሉን ለሻጭ ድርጅቱ ሠራተኛ ሰጥተን አካውንቱን ያስከፈትን ከሆነም ዛሬውኑ እንቀይረው።

የሻንሲና የሞተር ቁጥራችንን ጽፈን ከመኪናው ውጭ፣ የቤተሰብ ሰው በሚያውቀው ቦታ እናስቀምጥ። ኢንተርፖል የተሰረቁ መኪኖችን በሚመዘግብበት የመረጃ ቋት መኪና በዋናነት የሚፈለገው በሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ ሰሌዳ በአሥር ደቂቃ ይፈታል። መኪና ሲጠፋ «ነጭ ቪትዝ ናት» ብቻ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ የሚደርስ ሰውና ቁጥሩን ይዞ የሚደርስ ሰው እኩል አይረዱም። ሊብሬውን ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ትተን ከሆነ፣ ዛሬ ማታ እናውጣውና ኮፒውን ብቻ እንያዝ።