ቀለህን መልሶ መሙላት፦ ለሩቅ ርቀት አደን የሚታመን ጥይት አዘገጃጀት

በኮሎራዶ ተራሮች ኤልክ የተባለውን ትልቅ አጋዘን የሚያድን ሰው ጥይቱን ከሱቅ ገዝቶ ቢወጣ የሚያሳፍረው ነገር የለም። ዛሬ በሳጥን የሚሸጠው የአደን ጥይት ጥሩ ነው። ቀለህን በቤት መልሶ መሙላት የሚያዋጣው የሚፈልጉት አረር በሱቅ ጥይት ውስጥ በማይገኝበት ጊዜ፣ ወይም ከ300 ያርድ በላይ ለመተኮስ ከጥይት ጥይት የማይለዋወጥ ፍጥነት ሲያስፈልግ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙም አይቆጥብም፤ ይልቅ ብዙ ይተኩሳል።

ከዕቃው በፊት ሕጉን ማየት ይገባል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራስ መጠቀሚያ ጥይት መሙላት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለመሸጥ ማምረት ግን ይጠይቃል። በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖር ሰው የጸና የአደን ፈቃድ ከሌለው ወይም በሌላ የሕግ ልዩነት ካልተፈቀደለት መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም። ይህን ሳያውቁ የጓደኛን ጥይት ኪስ ውስጥ ይዞ መገኘት ጣጣው ብዙ ነው። ኮሎራዶ በበኩሏ ለኤልክ አደን የጠመንጃው ካሊበር ከ.24 እንዳያንስ፣ አረሩ ሲመታ የሚሰፋና ቢያንስ 85 ግሬን እንዲሆን፣ በ100 ያርድ ላይም ቢያንስ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት እንዲኖረው ታዛለች። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ እርሳስ ያለበትን ጥይት ለአደን ስለከለከለች፣ እዚያ የሚያድን ሰው አረሩን ከመዳብ ከተሠሩት መካከል ይመርጣል።

ለምሳሌ የምጠቀመው 6.5 ክሪድሙር ነው። ሆርናዲ ኩባንያ በ2007 አካባቢ ለዒላማ ውድድር ያወጣው ይህ ጥይት ዛሬ የአደን ሰዎች መደበኛ መሣሪያ ሆኗል። ሥርዓቱ ግን ለ.308ም ለ.270ም ያው ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጠመንጃውን ፈትኑ

የላላ ብሎን በየትኛውም ባሩድ አይታከምም። ሰደፉን ከጠመንጃው አካል ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች፣ የመነጽሩን መያዣ ቀለበቶችና ከሥራቸው ያለውን ሐዲድ አምራቹ ባዘዘው ጥብቀት እሰሩ። ከዚያ ጥሩ የሱቅ ጥይት ገዝታችሁ በ100 ያርድ አንድ ዒላማ ላይ 10 ተኩሱ፤ በርሜሉ እንዳይግል በመሐል እረፍት ስጡት። የዚህ ውጤት መነሻችሁ ነው፤ በኋላ የምትሞሉት ጥይት መሻሻሉ ወይም አለመሻሻሉ የሚታወቀው ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ቀለሆቹንም አትጣሉ፤ በዚህ ጠመንጃ ውስጥ ተተኩሰው የእሱን ቅርጽ ይዘዋል።

ደረጃ 2፦ አረሩን ምረጡ፣ ሌላው ይከተላል

ብዙ ሰው ከባሩዱ ይጀምራል። አደን ላይ ግን እንስሳውን የሚያገኘው አረሩ ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ልተኩስ በማስበው በሩቁ ርቀት ላይ ይህ አረር ለመስፋት የሚበቃ ፍጥነት ይቀረዋል ወይ የሚለው ነው። አምራቾች ዝቅተኛውን ፍጥነት ያሳውቃሉ፤ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ1,600 እስከ 2,000 እግር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ለዒላማ ውድድር ብቻ የተሠራ አረር ወረቀት ላይ ምንም ያህል ቢያምር ለአደን አትውሰዱት።

አረሩን ከመረጣችሁ በኋላ የአረሩን ወይም የባሩዱን አምራች የመሙያ መመሪያ መጽሐፍ ግዙ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የባሩድ መጠን ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። መጠኑ የሚነበበው ከአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ፣ ለዚያው አረር ክብደትና ለዚያው ባሩድ ስም ብቻ ነው። ጓደኛችሁ «ለእኔ ሠርቶልኛል» ያላችሁ ቁጥር ለእሱ ጠመንጃ ነው። ስማቸው የተቀራረበ ባሩዶች ደግሞ ጠባያቸው የተራራቀ ሊሆን ስለሚችል ፊደሉንና ቁጥሩን ሁለቴ አንብቡ። በብርድ ለሚያድን ሰው ሙቀትና ቅዝቃዜ ብዙም የማይቀይሩት ባሩድ ይሻላል፤ ሆጅደን ኩባንያ የሚሸጠው ኤች4350 በ6.5 ክሪድሙር ተወዳጅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ደረጃ 3፦ ጠረጴዛው

ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ባሩድ በማንኛውም ሰዓት አንድ ዓይነት ብቻ ይሁን። ከቆርቆሮው ወደ መስፈሪያው የፈሰሰ ባሩድ ሥራው ሲያልቅ ወደዚያው ቆርቆሮ ይመለስ እንጂ ስም በሌለው ዕቃ አይደር። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ወግ የሚያመጣ ጎረቤት ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። የዓይን መከላከያ አድርጉ። ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጠው መለኮሻ፣ እርሳስ ስላለባት ከሥራ በኋላ እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ አይሆንም። ቀለህ በደረቅ ማጽጃ ሲገላበጥ የሚነሳውም አቧራ እንደዚሁ ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ አታድርጉት።

ደረጃ 4፦ ቀለሁን አዘጋጁ

ጊዜያችሁን የሚበላው ይህ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉ ይበልጣል። ቀለሁን በመብራት አጠገብ እያዟዟራችሁ እዩ። ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን መስመር ካለ ብረቱ ከውስጥ እየሳሳ ነው። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ዘርግታችሁ ጫፉን እንደ ጥፍር አጥፉና በአንገቱ በኩል አስገብታችሁ የውስጡን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ ፋቁ፤ ሽቦው በዚያ መስመር ላይ ጎድጎድ ባለ ቦታ ያዝ ካደረገው ቀለሁን በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ጣሉት። እንዲህ ያለ ቀለህ ጠመንጃው ውስጥ ለሁለት ይበጠሳል።

የቀሩትን ስስ ቅባት ቀብታችሁ ወደ ቅርጻቸው በሚመልሳቸው ዳይ ውስጥ አሳልፏቸው። ቅባቱ ካነሰ ቀለሁ ዳዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ከበዛ ደግሞ ትከሻው ላይ ጎድጓዳ ይሠራል። ዳዩ የቀለሁን ትከሻ ወደ ኋላ የሚገፋው 0.002 ኢንች ያህል ብቻ እንዲሆን አስተካክሉ፤ ይህም የሚለካው በካሊፐር ላይ በሚገጠም መለኪያ ነው። ከዚያ በላይ የተገፋ ቀለህ በየተኩሱ እየተለጠጠ ቶሎ ያልቃል፣ ያ የሚያበራ መስመርም ከዚህ ይመጣል። ካልተገፋ ደግሞ ብርድ በያዘው እጅ መቀባበያውን ስትዘጉ እንቢ ይላችኋል፤ ኤልኩ ደግሞ አይጠብቅም።

ቅባቱን ጥረጉና ርዝመቱን ለኩ። የ6.5 ክሪድሙር ቀለህ ትልቁ ርዝመት 1.920 ኢንች ነው፤ ሲቆረጥ ወደ 1.910 ይመለሳል። አንገቱን ከቆረጣችሁ በኋላ ከውስጥም ከውጭም ስለቱን አንሱለት፣ አለበለዚያ አረሩ ሲገባ ይፋቃል። ከዚያ አዲስ ፕራይመር አስገቡ፤ ከቀለሁ ቂጥ በጥቂቱ ዝቅ ብላ መቀመጧን በጣት ጫፍ እያሻችሁ አረጋግጡ፤ ወጣ ያለች ካለች ያ ቀለህ ለብቻው ይቀመጥ።

ደረጃ 5፦ የአረሩ አቀማመጥ

አረሩ ምን ያህል ጠልቆ ይቀመጥ የሚለው ብዙ ክርክር አለበት። ለአደን ግን ክርክሩን ሁለት ነገሮች ያሳጥሩታል። ጥይቱ መጋዘኑ ውስጥ መግባት አለበት፤ የ6.5 ክሪድሙር መደበኛ ጠቅላላ ርዝመት 2.825 ኢንች ነው። ሁለተኛ፣ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮች የሚጀምሩበትን ቦታ መንካት የለበትም። የሚነካ ከሆነ ግፊቱ ይጨምራል፤ ከዚያም በላይ ማታ ወደ ድንኳን ስትመለሱ ጥይቱን ላውጣ ስትሉ ቀለሁ ብቻውን ይመጣና አረሩ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል፣ ባሩዱም መሣሪያው ውስጥ ይበተናል። የዚያ አደን ፍጻሜ ያ ነው። ከቦዮቹ መጀመሪያ ከ0.020 እስከ 0.040 ኢንች ራቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ከመዳብ ብቻ የተሠሩት አረሮች ከዚህም በላይ ርቀት ይወዳሉ። ርዝመቱን ከአረሩ ጫፍ ሳይሆን ከሆዱ፣ መስፋት ከጀመረበት ላይ ለኩ፤ የአረሮች ጫፍ እርስ በርሱ አይተካከልም።

ደረጃ 6፦ ከዝቅተኛው ጀምሮ መውጣት

ባሩድ እንደ ጨው እየቀመሱ አይጨመርም። መመሪያው ላይ ካለው መነሻ መጠን ጀምሩ፤ መነሻው ያልተጻፈ ከሆነ ከከፍተኛው 10 በመቶ ዝቅ በሉ። በየ0.3 ግሬኑ አንዳንድ ጥይት ሙሉ፣ በየቀለሁ ላይ መጠኑን በእስክሪብቶ ጻፉ። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ስለሆነ ሚዛኑ በመሥፈሪያ ክብደት መፈተን፣ ጠረጴዛውም ከአየር ማራገቢያ መራቅ አለበት። ባሩዱ ከገባ በኋላ፣ አረሩ ከመቀመጡ በፊት ቀለሆቹን በሙሉ መደርደሪያ ላይ አቁማችሁ በባትሪ እዩዋቸው፤ የባሩዱ ከፍታ በሁሉም እኩል መሆን አለበት። ባዶ የቀረ ቀለህ አረሩን በርሜል ውስጥ ሊወሽቅ ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ሲተኮስ በርሜሉ ይፈነዳል።

የፍጥነት መለኪያ ያስፈልጋችኋል። ከዝቅተኛው ወደ ላይ እየተኮሳችሁ በየጊዜው ፍጥነቱን መዝግቡ፣ ቀለሁን አንስታችሁ እዩ። ፕራይመሯ ተደፍጥጣ ጠርዟ ከጠፋ፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ የሚያበራ ክብ ምልክት ከታተመ፣ መቀባበያው ለመክፈት ከከበደ አቁሙ፤ የቀሩትን ጥይቶች ወደ ቤት ወስዳችሁ ፍቱ። እነዚህ ምልክቶች የሚታዩት ግፊቱ ልኩን ካለፈ በኋላ ነው፤ አልታዩም ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም። ፍጥነቱ መመሪያው ለከፍተኛው መጠን ከሚሰጠው በላይ ከሄደ፣ ተመሳሳይ ርዝመት ባለው በርሜል፣ ግፊቱም አብሮ ሄዷል። የታተመው ከፍተኛ መጠን ምልክት ባይታይም አይታለፍም።

ደረጃ 7፦ በቂ ጥይት ተኩሶ ማወዳደር

እዚህ ላይ ከብዙ ልምድ ካላቸው ሰዎች ጋር እለያለሁ። የተለመደው አካሄድ በየመጠኑ ሦስት ሦስት ተኩሶ ቀዳዳዎቹ የተጠጋጉበትን መምረጥ ነው። በሦስት ጥይት ላይ በአማካይ አንድ ኢንች የሚያሳይ ጠመንጃ ግን በአሥር ጥይት ላይ በአማካይ ወደ 1.6 ኢንች ያሳያል፤ ጥይቱ ተበላሽቶ ሳይሆን የሂሳቡ ጠባይ ነው። በሦስት ቀዳዳ ያሸነፈው መጠን በሳምንቱ ሊሸነፍ ይችላል፣ ሰዎችም «ጠመንጃው ጠባዩን ቀየረ» ይላሉ።

ስለዚህ ከከፍተኛው በታች፣ ፍጥነቱ የሚያረካችሁን ሁለት መጠን ብቻ ምረጡና ከእያንዳንዱ 10 ተኩሱ። ያመለጠች የምትመስለውን ቀዳዳ «እኔ ነኝ የነቀነቅኩት» ብላችሁ አትሰርዙ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ዝቅተኛውን ውሰዱ፤ በሙቀት ቀን መተንፈሻ ይኖረዋል። ሁለቱም ከሱቁ ጥይት ካልተሻሉ የአረሩን ጥልቀት በማይጨበጥ ቁጥር ከመነካካት አረሩን ወይም ባሩዱን መቀየር ይሻላል። አረር ስትቀይሩ ከደረጃ 5፣ ባሩድ ስትቀይሩ ከደረጃ 6 መነሻ ትጀምራላችሁ።

ምን ያህል ይበቃል? ኤምኦኤ የሚባለው የተኳሾች የማዕዘን መለኪያ አንዱ በ500 ያርድ 13 ሳንቲሜትር ያህል ነው። በሰከንድ 2,700 እግር የሚሄድ 143 ግሬን አረር በዚያ ርቀት ከ100 ያርዱ ማስተካከያ ወደ 1.3 ሜትር ይወርዳል፤ ፍጥነቱ በ50 እግር ቢቀንስ ልዩነቱ ወደ 5 ሳንቲሜትር ነው። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ ግን ወደ 40 ሳንቲሜትር ይወስደዋል። ነፋሱን በግማሽ የሳተ ሰው 20 ሳንቲሜትር ስቷል። አሥር ጥይት በአንድ ተኩል ኤምኦኤ ውስጥ ካረፈላችሁ የጥይት መሙያውን ማሽን ተዉትና ነፋስ ማንበብ ተለማመዱ።

ደረጃ 8፦ በእውነተኛው ርቀት ማረጋገጥ

የስልኩ ማስሊያ የሚሰጠው ቁጥር ግምት ነው። በ300፣ በ400 እና በ500 ያርድ ተኩሳችሁ አረሩ ያረፈበትን ጻፉና ማስሊያውን በዚያ አርሙ። ከተራራ ላይ ከሆነ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዝቅተኛ ቦታ ያነሰ ይወርዳል፤ ያለ ጠረጴዛ፣ ጀርባ ቦርሳ ላይ ተኝታችሁም ሞክሩ። ከሁሉ በላይ በየዕለቱ ጠዋት፣ በርሜሉ እንደቀዘቀዘ የምትተኮሰዋን የመጀመሪያዋን ጥይት በተለየ ወረቀት ላይ ሰብስቡ፤ እንስሳው ላይ የምትሄደው እሷ ናት። እሷ አስተማማኝ እስከሆነችበት ርቀት ድረስ ተኩሱ፣ ከዚያ ወዲያ ቀርባችሁ ሂዱ።

ለአደኑ የምትይዙትን ጥይት በሙሉ ከቤት ሳትወጡ አንድ በአንድ፣ የመሣሪያው አፈሙዝ ደኅና ወደሆነ አቅጣጫ ዞሮ፣ ጣት ከቃታው ርቆ አጉርሳችሁ አውጧቸው። የሚገባው ሁሉ ገብቶ መውጣቱን የምታውቁት እዚህ ነው። ሳጥኑ ላይ አረሩን፣ ባሩዱንና መጠኑን፣ የፕራይመሩን ዓይነት፣ የቀለሁን ስም፣ ጠቅላላ ርዝመቱን፣ ቀኑንና የባሩዱን ሎት ቁጥር ጻፉ። አዲስ የባሩድ ቆርቆሮ ሲከፈት ሎቱ ከተለየ ከፍተኛው አካባቢ ያለውን መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን እንደገና ለኩ።