ሰው ሠራሽ ዝንብ ማሰሪያ ከአሮጌ የቤት ዕቃ

ዓሣ አጥማጆች «ሰው ሠራሽ ዝንብ» የሚሉት በክርና በላባ ተጠቅልሎ ነፍሳትን እንዲመስል የተደረገ መንጠቆ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኤልያን ከ1,800 ዓመታት ገደማ በፊት የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመውና ከአውራ ዶሮ አንገት ሥር የተወሰዱ ሁለት ላባዎች አክለው ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ጽፏል። በአገራችንም ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ትራውት የተባለ ዓሣ በዚሁ ዘዴ ይጠመዳል።

ሱፍና ላባ በደቡብ ጎንደር ደጋ በየቤቱ አለ፤ የማይገኘው ማሰሪያ መሣሪያው ነው። ይህንን መሣሪያ ከአሮጌ የበር ማጠፊያ፣ ከልብስ መስቀያ ሽቦና ከማይሠራ ሬዲዮ አንቴና መሥራት ይቻላል። በክፍል ውስጥ የምንማራቸው የሌቨርና የሰበቃ ሕጎች ዕቃው ርካሽ ቢሆንም በትክክል እንዲሠራ ያደርጉታል።

1. ሞርሳው

መንጠቆውን አጥብቆ የሚይዘው ሞርሳ ነው። 10 ሴ.ሜ. ገደማ ርዝመት ያለውን የበር ማጠፊያ ሁለት ክንፎች ለይተን በአንድ በኩል ያሉትን ጫፎቻቸውን በሞረድ እናሾላለን። ክንፎቹን ደራርበን ከሾለው ጫፍ 2 ሴ.ሜ. ያህል በሚርቀው ቀዳዳ ብሎን አስገብተን በዳዶ እናያይዛለን። ዳዶውን እስከ መጨረሻ አናጠብቀውም፤ በጫፎቹ መካከል የመንጠቆው ሽቦ የሚገባበት ክፍተት ያስፈልጋል። የታችኛውን ክንፍ በቀሩት ቀዳዳዎች በኩል ከአንድ ጠንካራ እንጨት ጋር እናያይዘዋለን፤ የሾለው ጫፍና ብሎኑ ግን ከእንጨቱ ጠርዝ ውጭ መቅረት አለባቸው።

መንጠቆው ከገባ በኋላ ከወይራ እንጨት የተጠረበ ሽብልቅ በክንፎቹ መካከል ከኋላ በኩል እንሰካለን። የኋላው ሲራራቅ የፊቱ ይጨመቃል። ብሎኑ መደገፊያ ነጥብ የሆነለት ሌቨር ማለት ይህ ነው። ሽብልቁ ከብሎኑ 6 ሴ.ሜ. ርቆ ክንፎቹን በ10 ኒውተን ኃይል ቢያራርቅ፣ ከብሎኑ 2 ሴ.ሜ. ላይ ያለው መንጠቆ በ30 ኒውተን ይያዛል፤ 10 × 6 = 30 × 2 ነውና።

2. የክር መያዣው

25 ሴ.ሜ. የሚሆን የልብስ መስቀያ ሽቦ እንወስዳለን። ከሬዲዮ አንቴናው ቀጭን ክፍት ቱቦ 5 ሴ.ሜ. ቆርጠን የሽቦውን መካከል በቱቦው ላይ አንድ ጊዜ እንጠመዝዛለን። የሽቦውን ሁለት ጫፎች ወደ ውስጥ አጥፈን የክሩን ማጠንጠኛ በግራና በቀኝ እንዲጫኑት እናደርጋለን፤ ክሩም በቱቦው ውስጥ አልፎ ይወጣል። የተቆረጠ ቱቦ አፉ ስለታም ስለሆነ ሁለቱንም ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ የግድ ነው፤ ያለዚያ ክሩ ይበጠሳል።

3. ፈተናው

ሥራ ባቆምን ቁጥር መያዣው ከመንጠቆው በክሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ሰበቃውን አሸንፎ ክሩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ከመያዣው ክብደት መብለጥ፣ ክሩን ከሚበጥሰው ኃይል ግን ማነስ አለበት። ከክብደቱ ካነሰ መያዣው እየተተረተረ ይወርዳል፤ ከክሩ አቅም ከበለጠ ክሩ ይበጠሳል።

የክሩን አቅም ለመለካት ያለ ኒውተን መለኪያም ዘዴ አለ። ክሩን ከምስማር ላይ አስረን ባዶ የሀይላንድ ጠርሙስ እናንጠለጥልበትና እስኪበጠስ ድረስ ውሃ በትንሽ በትንሹ እንጨምራለን። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት 9.8 ኒውተን ስለሆነ፣ ክሩ በ600 ሚሊ ሊትር ላይ ቢበጠስ አቅሙ 6 ኒውተን ገደማ ነው። መያዣው ከነክሩ 50 ግራም ቢሆን ክብደቱ 0.5 ኒውተን ያህል ነው። እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል እስክንደርስ የሽቦውን ክንዶች እናጠብቃለን ወይም እናላላለን።

4. ወደ ወንዝ ከመውረዳችን በፊት

ለደብረ ታቦር ቅርብ ከሆነው ከጉና ተራራ አካባቢ የሚነሡት ጉማራና ርብ ወደ ጣና ይፈስሳሉ። በጣና ተፋሰስ ብቻ ከሚገኙት የላቢዮባርበስ ዓሦች በርካታዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ዕንቁላል ለመጣል በእነዚህ ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። በወንዞቹ አፍ ሲሰበሰቡ በመረብ በቀላሉ ስለሚያዙ ቁጥራቸው በእጅጉ ቀንሷል። በእነዚህ ወራት መንጠቆ መጣል የሚቀጥለውን ትውልድ ማጥመድ ነው። ወንዙ ሲጎድል ግን ከጅረት ድንጋይ ሥር ያሉትን የነፍሳት ዕጮች ተመልክቶ መጠናቸውንና ቀለማቸውን በክርና በላባ መቅዳት ጥሩ የሥነ ሕይወት ትምህርት ነው።

መልመጃ፦ ሽብልቁ ከብሎኑ 5 ሴ.ሜ. ቢርቅ፣ መንጠቆውን በ30 ኒውተን ለመያዝ ክንፎቹን በስንት ኒውተን ማራራቅ ያስፈልጋል?